ከአግዳሚው እግር የቆረጥኩት ስንዝር

የቤት እቃ ዲዛይን አድርጌ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ ሶፋ ላይ ግን አልቀመጥም። ሰው ቤት ስጋበዝ ጠንካራ ወንበር ፈልጌ ጥጌን እይዛለሁ። «ኧረ ወደዚህ፣ ምቹው ላይ!» ሲሉኝ «ወገቤን ያመኛል» እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ወገቤ ደህና ነው። የሚያመኝ ሌላ ነው፣ እሱን ልንገራችሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ግን አፌን የዘጋሁበት ጊዜ በዛ።

ጊዜው ሜክሲኮ ለባቡሩ የተቆፋፈረበት ነው። ከሜክሲኮ ልደታ በእግሩ የሚሄደው በታክሲ ከሚሄደው ቀድሞ ይደርስ ነበር። የድሮው ሰፈራችን ፈርሷል፤ ግማሹ ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ ግማሹ የት እንደደረሰም አይታወቅ። እኔ ሠላሳ አልሞላኝም። ከአባቴ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ነበር የምንሠራው። አባባ ከወሎ መጥተው ልደታ ላይ ዕድሜያቸውን እንጨት ሲልጉ የኖሩ አናጺ ናቸው። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩ፣ ቢዝነስ ካርዴ ላይ በትልቁ «ዲዛይነር» ብዬ ያስጻፍኩ። ልዩነቱ ገብቷችኋል መቼም።

አባባ ወንበር ሲታዘዙ ሜትር አያወጡም፤ ሲባጎ ነው የሚያወጡት። የሚቀመጥበትን ሰው ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ይለኩና ሲባጎዋን ይቋጥሯታል። ከዚያ ጣውላ ደራርበው ያስቀምጡታል። «ተነሳ» ይላሉ። «ተቀመጥ» ይላሉ። እንደገና «ተነሳ»። ሦስት ጊዜ! ደንበኛው ይስቃል። እሳቸው ግን የሚያዩት ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው፣ ሲነሳ የት እንደሚደገፍ። አንዱ ጀለሴ «አባትህ ስፖርት አሠሪ ናቸው እንዴ?» ብሎኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ፋራነት ነበር የሚመስለኝ።

የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ በሩም መስኮቱም ምሰሶውም ለማገዶ ሲጫን እያየሁ አንጀቴ አረረ። ዋንዛ እኮ ነው! ጽድ እኮ ነው! እንደዚያ የደረቀ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል? ለምን ከእሱ የቤት እቃ አንሠራም አልኩ። አዲስ ዛፍ አይቆረጥ፤ በሚሸተው ቫርኒሽ ፋንታ በንብ ሰም ይወልወል፤ በስፖንጅ ፋንታ ጥጥና የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ይሞላ። ለጠባቧ የኮንዶሚኒየም ሳሎን የሚሆን፣ ዝቅ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ዓይን የሚስብ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም በዚያው ነው የምሠራው።

በዚህ መሀል አካባቢን የማይጎዱ የቤት እቃዎች ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ተባለና ተመረጥኩ። አዘጋጆቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ እቃው ሰው ቤት ገብቶ፣ ሰው ተቀምጦበት የተነሳ ትልቅ ፎቶ። ወዲያው በሐሳቤ የመጡት እማማ አስካለ ናቸው።

እማማ አስካለ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታችንና ቤታቸው አንድ ግድግዳ ነበር የሚጋራው። እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። በጾማቸው ቀን ሳይቀር ለእኔ ለብቻዬ እንቁላል ይጠብሱልኝ ነበር፣ «ሙስሊሙ ልጄ ምን በወጣው» እያሉ። ልጃቸው ሰናይት እኩያዬ ናት፤ ሜክሲኮ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እጣ ወጥቶላቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገብተዋል።

ከፈረሰው ቤት ይዘው የገቡት ትልቅ እቃ አንድ ነው፤ አባባ የሠሩላቸው የዋንዛ አግዳሚ። መደገፊያ አለው፣ ግራና ቀኝ ወፍራም የክንድ ማሳረፊያ አለው። በድሮው ቤት በር ላይ ተቀምጠውበት ይውላሉ። ሰው በመጣ ቁጥር ክንዱን ጨበጥ ያደርጉና ብድግ ይላሉ፦ «ኖር!» «ኧረ አይነሱ እማማ፣ በእግዜር!» እንላለን። መች ይሰማሉ! ለሕፃን ሳይቀር ይነሳሉ። ልጆች ሆነን እኔና ሰናይት ሆን ብለን እየወጣን እየገባን እናስነሳቸው ነበር። እየሳቁ ይነሱልን ነበር።

ሰናይት ናት አንድ ቀን ወርክሾፕ ድረስ መጥታ «ከማል፣ ይሄ አግዳሚ ሳሎናችንን ዋጠው። መጣል ደግሞ እማዬ ትሞትብኛለች። እባክህ አንድ ነገር አድርገው» ያለችኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? አመጣሁት። ክንዶቹን አነሳኋቸው፤ ቦታ ይይዛሉ፣ ደግሞም የድሮ ናቸው። ከአራቱም እግሮቹ አንድ አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። መደገፊያውን ወደ ኋላ ጋደል አደረግኩት። ጥልቅ ያለ፣ ሰው ሲቀመጥበት ስምጥ የሚል ትራስ ሠራሁለት።

አባባ መጋዙን ይዤ አገኙኝ።

«የማን ነው?»

«የእማማ አስካለ።»

«ለክተሃቸዋል?»

«ሳሎኑን ለክቻለሁ አባባ። በሴንቲ ሜትር።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ለሶላት ወጡ። እኔም ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ዕለት አደረስኩላቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አምሮ ነበር። ሰናይት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እማማ አስካለ ዝቅ ብሎ ያጠረውን አግዳሚያቸውን ትንሽ ቆመው አዩት። «እሱ ነው?» አሉ። «እሱ ነው እማማ! ቁጭ ይበሉበት እንጂ!» ሁለታችንም እጃቸውን ይዘን አስቀመጥናቸው። ጫፉ ላይ ነበር የተቀመጡት። «ደህና አድርገሽ ተደገፊ እንጂ እማዬ» አለች ሰናይት። ተደገፉ። ስምጥ አሉ። «እጅህን ይባርከው ልጄ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ፈገግ ብለዋል።

ስንሰናበት እንደ ደንቡ እጃችንን ዘረጋንላቸው፤ እኔ በቀኝ፣ ሰናይት በግራ። አነሳናቸው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ብቻውን አይነሳም፤ ሁልጊዜ የሚዘረጋ እጅ አለ። በዚህ ምክንያት ብቻቸውን መነሳት ይችሉ እንደሆነ አላየንም። ስወጣ ደግሞ ጉራዬን ነዛሁ፦ «እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው መነሳት አይፈልግም!»

ትልቁን ፎቶ ለማንሳት ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ተቀጣጠርን፤ እስከዚያ ትራሱ እንዳይጎዳ ማንም አይቀመጥበትም አልን። «እማማ፣ ነጩን ቀሚስ ይልበሱ። ከመምጣታችን በፊት ቁጭ ብለው ይጠብቁን» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። እሳቸው እሺ የማይሉት ነገር የለም።

ሐሙስ ጠዋት ፎቶ አንሺው ደወለ። ሌላ ሥራ ይዞታል፤ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይሁን አለ። ይሁን አልኩ። ለሰናይት ልደውልላት አስቤ ነበር። ከዚያ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቤት ናቸው፣ የት ይሄዳሉ?» አልኩና ተውኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፎቶ አንሺው ጋር ደረጃውን ወጥተን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ከማል ነኝ እማማ! ፎቶ አንሺውን ይዤ መጥቻለሁ!»

«እሰይ! እንኳን ደህና መጣችሁ። መጣሁ፣ መጣሁ።»

ቆምን። ፎቶ አንሺው ከባድ ቦርሳውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። እኔ ጸጉሬን አስተካከልኩ።

«እማማ?»

«እየመጣሁ ነው ልጄ። አንዴ... አንዴ ቆዩኝ።»

ሳሎኑ እኮ ከበሩ ሦስት እርምጃ ነው! ድምፃቸው እዚያው ነበር፤ ወደ እኛ አልቀረበም። ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይገባዋል። እኔ ግን ወደ ፎቶ አንሺው ዞሬ ምን አልኩ መሰላችሁ? «አላልኩህም? የኔ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አይነሳም!» እሱም ሳቀ። ተሳሳቅን። እሳቸው ከበሩ ወዲያ ሳቃችንን እየሰሙ ነበር። ዛሬ ይሄን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ።

ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ፎቶ አንሺው ሳቁን አቋረጠ። በሩን ገፋሁት፤ ሰናይት ጎትታ ስትወጣ ራሱን የሚቆልፍ የብረት በር ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ከእሷ ጋር ነው። በትከሻዬ መታሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

«እማማ! እማማ አስካለ!»

«አለሁ። አትደንግጥ።» ድምፃቸው አሁን ከታች፣ ከወለሉ ነበር የሚመጣው። «ወለሉ ላይ ነኝ።»

ለሰናይት ደወልኩ። «እማማ ወድቀዋል፣ ቁልፍ ይዘሽ ነይ» አልኳት። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ታክሲ የሚባል ነገር እንደማይንቀሳቀስ ሁለታችንም እናውቃለን። በሩ ላይ ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀመጡት?»

«ሰናይት ስትወጣ።»

«በሁለት ሰዓት?»

«አንተ አራት ሰዓት እንመጣለን ብለህ የለ። ቀሚሴ እንዳይጨማደድ አስተካክላ አስቀምጣኝ ሄደች።»

ሰባት ሰዓት ሙሉ። ሕፃን ይመስል በጣቴ ቆጠርኩት። እኔ ምሳዬን ስበላ፣ ማኪያቶ ስጠጣ፣ ስለ ኤግዚቢሽኑ ለጓደኞቼ በስልክ ስለፈልፍ፣ እሳቸው እዚያ ውስጥ ነበሩ።

«ስልኩም ጮኾ ነበር» አሉ። «ጠረጴዛው ላይ ነው። ወደፊት ስል ወደ ኋላ ይስበኛል ልጄ። የምይዘው ደግሞ የለውም።»

የምይዘው የለውም! ክንዶቹን ነቅዬ ወርክሾፕ ጥግ የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

«አሁን በሩን ስታንኳኳ ሰው ቆሞ እንዴት ቁጭ እላለሁ ብዬ፣ በጎኔ ተንከባልዬ ልነሳ ስል ነው።» ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ሰውዬው አሁንም አለ?»

«አለ እማማ።»

«ራቅ ይበል።»

ፎቶ አንሺው ሰምቷል። ቦርሳውን አንስቶ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ደረጃውን ወረደ።

«ሄደ እማማ።»

«ልብሴን አበላሽቻለሁ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ብዙ ቻልኩት። አልሆነልኝም።»

ግንባሬን በሩ ላይ ደገፍኩ። ምን ይባላል?

«ከማልዬ፣ ለሰናይት ሶፋው ነው እንዳትላት። ራሴን አዞረኝ ነው የምላት። የለፋህበት ሥራ ነው፣ ስምህ አይጥፋ።»

እዚህ ላይ ነው ሰው መሆን የነበረብኝ። «አይሆንም እማማ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ እነግራታለሁ» ማለት። ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል። ስሜ ተለጥፏል። «እሺ እማማ» አልኩ። አፌ እንዴት ተላወሰልኝ?

ሰናይት በሩጫ ደረሰች፤ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ጭቃውን አቋርጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። የቁልፉን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳተችው። በሩ ተከፈተ።

እማማ አስካለ በጎናቸው ወድቀዋል። ነጩ ቀሚስ ርሷል። ነጠላቸውን ወደ ታች ስበው የቻሉትን ያህል ሸፍነውታል። አንድ እግራቸው መሆን በማይገባው በኩል ዞሯል። እኛን ሲያዩ ክርናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ፤ ሊነሱ።

«ኖር» አሉ።

«በእግዜር» የሚለው ቃል አልወጣልኝም።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ራሴን አዞረኝ።»

ሰናይት አየችኝ። ከዚያ አግዳሚውን አየችው፤ ትራሱ መሀል ጠልቆ፣ ጨርቁ ጠቁሮ ነበር። እንደገና አየችኝ። እኔ ወለል ወለሉን አየሁ።

ሐኪም ቤት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል ተባለ። «ከምን ላይ ነው የወደቁት?» ብሎ ጠየቀ ሐኪሙ። «ራሷን አዙሯት ነው» አለች ሰናይት። እኔ የራጁን ፖስታ ታቅፌ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ዕድሜያቸውና ልባቸው ኦፕራሲዮን አይችልም፣ ቤት ይተኙ ተባለ።

አመሻሽ ላይ ወርክሾፕ ስመለስ አባባ ሰምተው ጠበቁኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ በተሻለኝ።

«ሲቀመጡ አይተሃቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ሲነሱስ?»

አባባ ተነስተው ከግድግዳው ምስማር ላይ የሲባጎ ክምራቸውን አወረዱ። የደንበኞቻቸውን ሲባጎ አይጥሉም፤ እያንዳንዱ ላይ ስም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ያስሩበታል። አንዷን ፈልገው አወጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከፍቅፋቂው መሀል ከቆረጥኳቸው እግሮች አንዱን አነሱ። ሲባጎዋን እጄ ላይ አስቀመጡ፣ ቁራጩን ከጎኗ። «ይሄ የአስካለ ጉልበት ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ ግን ሄድኩላችሁ። አዎ፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ ተገኘሁ። ትልቁ ፎቶ ስላልተነሳ የማክሰኞዋን የስልክ ፎቶ አስፍተው ሰቀሉልኝ። እማማ አስካለ ስምጥ ብለው፣ ፈገግ ብለው። ከፎቶው ሥር «ምቾት ከአሮጌ እንጨት» የሚል ተጽፏል። ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ ክንዴን ነካ አድርጋ «እናትህ ናቸው? እንዴት ደስ ይላሉ!» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። በዚያች ሰዓት እማማ አስካለን አልጋ ላይ ሰው እያገላበጣቸው ነበር።

በሳምንቱ አግዳሚውን ከሰናይት ቤት ወስጄ ክንዶቹን መለስኩ፣ እግሮቹን ቀጠልኩ፣ አልጋቸው ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። አልተቀመጡበትም። በየሳምንቱ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ። ስገባ ጭንቅላታቸውን ከትራሱ ትንሽ ያነሱና «ኖር» ይሉኛል። በአራተኛው ወር ዐረፉ።

አርባቸው ሲያልፍ ለሰናይት ልነግራት ሄድኩ። ስልሳ ጊዜ የተለማመድኩትን ጀመርኩ፤ «ሰናይት፣ ያን ቀን እማማ ራሳቸውን አዙሯቸው አይደለም...»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ትራሱን ሳጥብ ነው የገባኝ። ካጠብኩ በኋላ እኔ ራሴ ተቀምጬ ሞከርኩት። በዚህ ዕድሜዬ እጄን መሬት ደግፌ ነው የተነሳሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አስምላኝ ነዋ! ልጁ ይሰበርብኛል፣ እንዳትነግሪው አለችኝ። እኔ ደግሞ አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። አራት ወር ሙሉ ብርቱካንህን እየተቀበልኩ፣ ዛሬ ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል ስል። እሷ በሕይወት እያለች እንድትናገር ነበር የፈለግኩት።»

«ይቅር በይኝ ሰናይት።»

«እሷ ይቅር ብላሃለች። እኔ ግን... ቀሚሷን አስተካክዬ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ራሴን ይቅር ሳልል ላንተ ከየት አመጣልሃለሁ?»

በማግስቱ አግዳሚውን በተሸካሚ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሜክሲኮ ላይ ብንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ አትቆምም። አልፈርድባትም።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ዛሬ ሂዱና እጃችሁን ሳትዘረጉ አንዴ ሲነሱ እዩ። ምን እንደሚይዙ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሞክሩ። «ጥሩ ነው፣ እጅህን ይባርከው» ሲሏችሁ አትመኑ፤ እኛን ላለማስቀየም የማይሉት የለም። እኔ ዛሬም ከአሮጌ እንጨት እሠራለሁ፣ ዛሬም በሰም እወለውላለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የማወጣው ሲባጎ ነው። «ተነሳ፣ ተቀመጥ፣ ተነሳ» እላለሁ። ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

አግዳሚው ወርክሾፑ በር ላይ ነው። እግሮቹ ላይ የቀጠልኩበት መስመር ይታያል፤ አልሸፈንኩትም። አሁን የሚቀመጡበት አባባ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሥራ ትተዋል፤ ሰው ሲመጣ ግን በእግሩ ኮቴ ይለዩና ክንዱን ጨብጠው ብድግ ይላሉ። ደንበኞቹ ደንግጠው «ኧረ አይነሱ አባባ!» ይላሉ። እኔ ያን ቃል መናገር ትቻለሁ። ሥራዬን አቁሜ፣ እስኪነሱ ድረስ ቆሜ አያቸዋለሁ።